አሥራ ዘጠኝ ቁጥር

ቅዳሜ 2

ዛሬ ታናሽ ወንድሜ በሰው ፊት አሳቀብኝ። ይህን ደብተር ያስጀመረኝም እሱ ነው።

የመኪናችንን ጎማ ሊያቀያይርልን መጥቶ ነበር፤ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት። መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከቤታችን ሁለት መንገድ ወዲያ ነው። እጄን አጣጥፌ ከምቆም ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩትና አንዱን ብሎን ልፈታ ተንጠለጠልኩበት። ፍንክች አላለም። ደግሜ ተንጠለጠልኩ። ለካ እያጠበቅኩት ኖሯል።

"መምህር፣ ወደ ግራ ነው" አለኝ። "ግራ እጅህ የትኛው እንደሆነ ላሳይህ?"

ጎረቤታችን የስፖርት መምህሩ አጥሩ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ሰኞ መምህራን ክፍል ገብቶ እንደሚያወራው እጄን እቆርጣለሁ። እኔ እኮ ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ጉልበት ሲባዛ በክንድ ርዝመት እያልኩ ስንቱን ያሳለፍኩ! እሱ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረሰ።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ለምን እንዳልጨረሰ አውቃለሁ። እናታችን ሁለታችንንም ማስተማር ሲያቅታት አንዳችንን መረጠች። የመረጠችው እኔን ነው።

ሲጨርስ እንደ ልማዱ የሚስቱን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪሱ አወጣና በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ ከብሎኑ እስከ ቸርኬው፣ አንዳንድ ቀጭን መስመር አሰመረ። "ያጠበቀ ሰው ምልክት ያደርጋል" ይላል ሁልጊዜ። "መስመሩ ከተዛባ ብሎኑ ዞሯል። ካልተዛባ ተጠያቂው እኔ ነኝ።" ሰፈሩ ባለ ጥፍር ቀለሙ ነው የሚለው። እኔም አንዳንዴ ብዬዋለሁ።

ፍሬኑ የሚጮኸው የፊቱ ሸራ ስላለቀ ነው አለ። "ዕቃው ሲመጣልኝ እቀይርላችኋለሁ።" እቀይርላችኋለሁ! እኔ ምን ሆኜ?

ማክሰኞ 5

ከትምህርት ቤት ስወጣ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ስገባ ግራ ቀኝ አይቼ ነው፤ እንደ ሌባ።

ባለሱቋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ጠና ያለች ሴት ናት። ለቤት የሚሆን የመኪና መሣሪያ እፈልጋለሁ አልኳት።

"መኪናው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ።"

"እንግዲያው የሆነው ባለቤቱ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ዘንድሮ የማይስቅብኝ የለም።

አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ከፈተችልኝ። ከስምንት እስከ ሃያ አንድ ቁጥር ቡሶላ፣ እሱን የሚያዞር አንድ እጀታ፣ አንድ ማስረዘሚያ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ። ውበት የሚባል አልፈጠረባትም። "ይቺ ትበቃሃለች" አለችኝ። አንዱን ቡሶላ አንስታ ውስጡን አሳየችኝ፤ ብሎን ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቀውን ጎኑን። "ስድስት ማዕዘን ነው። የብሎኑም ራስ ስድስት ማዕዘን ነው። ጎን ከጎን ይገጥማል። ያ የምታብረቀርቅ የምታያት አሥራ ሁለት ማዕዘን ናት፤ ቶሎ ትገባለች፣ ግን ጫፍ ጫፉን ነው የምትይዘው። የከረረ ብሎን ሲገጥማት ራሱን ትልጠዋለች።"

ቀጥላ አንድ ረጅም ቁልፍ ከግድግዳው አወረደች። "የጎማ ብሎን የምትነካ ከሆነ ይሄም ያስፈልግሃል። ብሎኑ የሚጠብቅበትን ልክ ትሞላለታለህ፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ራሱ ቀጭ ይልልሃል።"

እኔ ዓይኔ ከምታብረቀርቀዋ አልተነሳም። መቶ ስምንት ዕቃ! በቀይ ጨርቅ ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ በየጉድጓዱ፣ ቁጥሩ ከሥሩ ተጽፎ። እንዲህ ያለ ሳጥን ያለው ሰው ግራና ቀኝ አይጠፋውም።

"ይቺን" አልኩ።

"መቶ ስምንቱን ምን ታደርገዋለህ?"

"የፊዚክስ መምህር ነኝ።" ለምን እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

"ይሁና፣ መምህር። ረጅሙንስ?"

"በክንዴ አውቀዋለሁ" አልኳት።

ሐሙስ 7

ሳጥኑ አልጋ ሥር። ከላዩ የፈተና ወረቀት። ባለቤቴ እንዳታየው። ገዝቼ ስለተውኩት ጊታር እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች፣ ስለ መሮጫ ማሽኑም። ሥራው አልቆ ፍሬኑ ዝም ሲል ነው የማሳያት። ሸራውን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ሆስፒታል ተረኛ ናት።

ቅዳሜ 9

ሠራሁት! እኔው፣ በገዛ እጄ!

ቀኙ እንደ ቅቤ ነው የሄደልኝ። ግራው አስጨነቀኝ። አንዱ ብሎን አልፈታም ብሎ ቡሶላው ሁለት ጊዜ ራሱ ላይ ተንሸራተተ፤ ጠርዙ ተላጠ (ባለሱቋ ትዝ አለችኝ)። በመዶሻ መትቼ አስገብቼ ፈታሁት። ሁለቱን ጣቶቼን ላጥኩ። አሮጌው ሸራ እንደ ብስኩት ሳስቷል። አዲሱን አስገባሁ። ጎማውን መለስኩና መኪናው በክሪክ እንደተነሳ ብሎኖቹን በእጄ ያዝ ያዝ አደረግኳቸው። ዋናው ማጥበቅ መሬት ከወረደ በኋላ ነው፤ ወንድሜ ሲያደርግ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ቀኙንም እንደዚያው አድርጌያለሁ።

ክሪኩን እንዳወረድኩ የውጪው በር ተንቋቋ። ባለቤቴ፣ ከሰዓቷ ቀድማ! ያለውን ሁሉ ወደ ሳጥኑ ወርውሬ ሳጥኑን ከማዳበሪያው ጀርባ ወሸቅኩት።

"ወንድምህ መጥቶ ነበር እንዴ?" አለች ክሪኩን አይታ። "እጅህ ምን ሆኖ ነው?"

"ፍሬኑን... ረዳሁት" አልኩ።

ረዳሁት! ከአፌ ወጣ፣ አለቀ። "እሰይ፣ እጁ ይባረክ" አለች። ይሁን፣ አንድ ቀን ስቀን እናወራዋለን።

ግራውንም አጥብቄዋለሁ መሰለኝ። አዎ፣ አጥብቄዋለሁ።

እሑድ 10

ፍሬኑ ጭጭ ብሏል። ብሎኖቹን አንዴ ልፈትሻቸው ወጥቼ ነበር፤ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቁልፍ ይዤ ብታየኝ ምን እላታለሁ? ነገ።

ማክሰኞ 12

ዝናብ። ወላጆች ስብሰባ። ነገ ባለቤቴ እናቴን ለዓይን ምርመራ ትወስዳታለች። ማታ አያቸዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ረቡዕ 13

የፊት ግራ ጎማ ወለቀ።

አደባባዩን ዞረው ሲወጡ ነው። ባለቤቴ ቀስ ብላ ባትነዳ ኖሮ፣ አይ፣ አልጽፈውም። መኪናው በአፍጢሙ ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ መታ። ባለቤቴ ደህና ናት። እናቴ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ መንገዱን ካላየሁ ያጥወለውለኛል ትላለች። እጇን ፊት ለፊት ዘርግታ አንጓዋ ተሰብሯል። ስድስት ሳምንት ጄሶ።

ሆስፒታል ስደርስ ወንድሜ ቀድሞኝ መኪናው ያለበት ሄዶ አይቶ ተመልሷል። ቱታውን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ ጮኸችበት፦ "ቅዳሜ ፍሬኑን ስትሠራ ብሎኑን ሳታጠብቅ ነው የሄድከው?"

እሷን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል፤ እኔ እሱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

"አዎ" አለ ወንድሜ። "ረስቼው ይሆናል።"

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሰማችው። "አበስኩ ገበርኩ! አንተ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነበር?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።  ነገ እነግራቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ምንም አይለውጥም።

ሐሙስ 14

አልነገርኳቸውም። እናቴ ተኝታ ነበር።

ዓርብ 15

አልነገርኳቸውም። ጠያቂ ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ 16

ሳጥኑን ከፈትኩት። ሁሉም በየቦታው አለ፣ አንድ ጉድጓድ ብቻ ባዶ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር። የጎማው ብሎን ቁጥር። ግቢውን፣ ማዳበሪያውን፣ ሣሩን ሁሉ በእጄ ዳበስኩ። የለም። መኪናው ወንድሜ ጋራዥ ነው ያለው፤ እየጠገነው ነው፣ ሳይጠየቅ።

ሰኞ 18

መምህራን ክፍል ልገባ ስል የስፖርት መምህሩ ድምፅ ተሰማኝ፦ "የገዛ ወንድሙን ጎማ ያላጠበቀ የሌላውን ያጠብቃል?" ገባሁ።

"አይዞህ መምህር" አለኝ አንዱ። "በወንድምህ ነገር አዝነናል።"

"ምን ይደረግ፣ ሰው ይሳሳታል" አልኩ። ልበ ሰፊ ሰው መስዬ! ዓይኔን በጨው ታጥቤ!

ቀጥሎ አሥረኛ ክፍል ገባሁ። የዛሬው ምዕራፍ ምን ይሁን? ጉልበት ሲባዛ በክንድ ርዝመት። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ብሎን በረጅም እጀታ ለምን በቀላሉ እንደሚጠብቅ ጠየቀችኝ። ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ሁለት ሆነ።

ረቡዕ 20

ጋራዡ ሄጄ ነበር፤ መኪናውን ለማየት። ሌላ ጊዜ ደጁ ላይ አራት አምስት መኪና ይሰለፋል። ዛሬ የእኛ ብቻ ነው የቆመው።

"ሥራ ቀዝቀዝ ብሏል" አለኝ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለ። "ፍሬኑ መጮህ አቁሟል፣ አይደል?"

"አዎ፣ ጭጭ ብሏል።"

"ጥሩ ሸራ ነው። ማን እንደመረጠው እንጃ፣ ጥሩ ነው።"

 ጨርቁን እንደያዘ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ጠበቀኝ መሰለኝ። አይ፣ ሥራ ላይ ስለነበር ይሆናል።

መሣሪያ የሚሰቅልበት ሰሌዳ አለ፤ የእያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ በነጭ ቀለም ዙሪያው ተሥሎ፣ የጎደለ እንዲታወቅ። ከጥግ፣ ሥዕል በሌለበት ምስማር ላይ፣ አንድ የሚያብረቀርቅ ቡሶላ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ቡሶላ በየሱቁ ሞልቷል። ከየትም ሊያመጣው ይችላል። ቶሎ ወጣሁ።

ማክሰኞ 26

የትምህርት ቤታችንን ሦስት አውቶቡሶች የሚጠግን ጋራዥ የምንመርጠው ኮሚቴ ዛሬ ተሰበሰበ። ከአደጋው በፊት አንደኛ የነበረው ወንድሜ ነው። ይህን ሥራ ለሁለት ዓመት ነው የጠበቀው። ሁለተኛ መካኒክ ልቀጥር ነው፣ ጣሪያውን ላድስ ነው ሲለኝ ከርሟል።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ታውቀዋለህ። ልጆች የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ነው። እንመነው?"

እመኑት ማለት እችል ነበር። ጎማውን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ስድስት ሰው አፍ አፌን እያየኝ "ዝምድና ስላለኝ ድምፅ ባልሰጥ ይሻላል" አልኩ።

አመሰገኑኝ። ሰብሳቢዋ "እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው ያብዛልን" ብላ ቃለ ጉባኤ ላይ አስጻፈችው። ወንድሜን በሙሉ ድምፅ ጣሉት።

ሐቀኛ! ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ። 

ቅዳሜ 30

እናቴ እኛ ጋ ናት። ወንድሜ ብርቱካን ይዞ መጣ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችበት። "አንተ የነካኸው መኪና ላይ ዳግመኛ አልወጣም" አለችው። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ጉንጯን ሳይስም ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ከዚያ በደህና እጇ እጄን ያዘችኝ። "እንኳንም አንተን አስተማርኩ" አለችኝ።

ብርቱካኑን የላጥኩላት እኔ ነኝ። ጎርሳ "ጣፋጭ ነው" ስትል ከክፍሉ ሸሸሁ።

ማክሰኞ 3

መሣሪያ ሱቅ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቡሶላ ብቻውን እንደሚሸጥ ጠየቅኩ። ባዶው ጉድጓድ ከሞላ ነገሩ ያልነበረ የሚሆን መስሎኝ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ!

ባለሱቋ ወዲያው አወቀችኝ። "መምህር! ከመቶ ስምንቱ ስንቱን ተጠቀምክ?"

"ሁለቱን።"

"የጠፋው ከሁለቱ አንዱ ነዋ።" ስድስት ማዕዘኑን አውጥታ እጄ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ፊቴን አየችና ተወችው። "በደንብ ፈልገው። ቡሶላ አይተን፣ አይሰርግ። የተውከው ቦታ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቅህ።"

የተንጠለጠለበትን አውቀዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት አይቼ ያወቅኩትን ነው እዚህ ደብተር ላይ እንኳ የደበቅኩት። ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐሙስ 5

የዛሬውን በሙሉ ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ወንድሜ ባዶ ጋራዥ እየጠረገ ነበር። ሰላምታ ሳልሰጠው ወደ ሰሌዳው ሄድኩና በጣቴ አሳየሁት። "ያ የእኔ ነው" አልኩ።

መጥረጊያውን አስቀመጠ። ቡሶላውን አወረደና በቱታው ጠረገው። "ከጎማው ጀርባ፣ የመሪው ዘንግ ላይ ተቀርቅሮ ነው ያገኘሁት። የዛን ዕለት። ሸራው አዲስ፣ አንዱ ብሎን የተላጠ፣ ምልክቴ የለ። ከዚያ ሆስፒታል ስመጣ ባለቤትህ ቅዳሜ ሠራህ አለችኝ። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገበያ ነበርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እናታችን እጇ ተሰብሮ ተኝታ፣ ታላቄን በፊቷ ውሸታም ልበለው?" ቡሶላውን በእጁ ጨበጠው። "አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ነገ ይነግራታል፣ ነገ ይነግራታል። ሃያ ሁለት ቀን።"

"ይቅር በለኝ።"

"ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር።"

ልወጣ ስል ጠራኝ። ቡሶላውን ወደ ብርሃን አንስቶ ውስጡን እያየ ነበር። "ደግሞ አሥራ ሁለት ማዕዘን! መሣሪያ መግዛት ካማረህ ምነው ይዘኸኝ ብትሄድ? እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።"

ይህን ስሰማ ነው ያለቀስኩት። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ።

ዓርብ 6

ለባለቤቴና ለእናቴ አንድ ላይ ነገርኳቸው። ሳጥኑን ከነባዶ ጉድጓዱ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ። ባለቤቴ "እኔኮ ጮህኩበት" አለች፣ "ሰው እየሰማ ጮህኩበት"፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ ወደ ወንድሜ ቤት ወጣች።

እናቴ ጄሶዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ከትምህርት ሳስቀረው አላለቀሰም" አለች። "እሱ ይማር ነው ያለኝ። ከደብተሩ ባዶ ባዶውን ገጽ ቀዶ ደብተር የሰፋልህ ራሱ ነው። ታስታውሳለህ?"

አስታውሳለሁ። ሰማያዊ ልባስ ነበረው።

 ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ሰኞ 9

ኮሚቴውን አስጠርቼ ነገርኳቸው። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን እየከደነች "ውሉን ዓርብ ከሌላ ጋራዥ ጋር ፈርመናል" አለች። "ባለፈው ማክሰኞ ሳምንት ብትነግረን ኖሮ።" ቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ሐቀኛ የሚለውን ሰርዙልኝ አልኩ። ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም አሉኝ።

የስፖርት መምህሩ አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ መኪናውን ለፍተሻ ይዞ ወንድሜ ጋ ሲገባ ግን አይቻለሁ።

ሐሙስ 26

የእናቴ ጄሶ ዛሬ ወለቀ። እጇ ቀጥኖ፣ ቆዳው ገርጥቶ።

እናቴን ወደ ቤቷ ከማድረሳችን በፊት ወንድሜ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስቶ የፊት ግራውን ጎማ ራሱ አወለቀው። "መልሰው" አለኝ። ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቡሶላ ከነረጅሙ ቁልፍ ሰጠኝ፤ የራሱን። በእጄ አስገባሁ፣ ያዝ አደረግኩ፣ አወረድኩ፣ ከዚያ አንዱን ከአንዱ ትይዩ እያልኩ አጠበቅኩ። አምስት ጊዜ ቀጭ አለ። እሱ አንዴም አልነካም።

ስጨርስ ከኪሱ ጥፍር ቀለሙን አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"አንተ አድርገው እንጂ" አልኩት።

"ያጠበቀው ማን ነው?"

አምስት ቀይ መስመር አሰመርኩ። አንዱ ጠማማ ነው።

እናቴ ሻርፗን ተከናንባ በባለቤቴ ተደግፋ መጣች። ጎማው ጋ ቆመች። "ማን ነው ያጠበቀው?" አለች።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ነኝ፣ እማ።"

ጎንበስ ብላ በቀጭኗ እጇ መስመሮቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ጣቷን ነካው። ቀና ብላ ወንድሜን አየችው፤ እሱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ሁልጊዜ የምትገባበትን የፊተኛውን በር ከፈትኩላት።

አልፋኝ ሄዳ ከኋላ ገባች።